ሊቀመንበሩ

ሃሚንግበርድ የተሳለባቸው ካርዶችና ኩባያዎች አይታችሁ ይሆናል። አበባ አለ፣ ለስላሳ ቀለም አለ፣ ከሥሩ ስለ ፍቅር ወይም ስለ ሰላም የተጻፈ አንድ መስመር አለ። ወፏም ከገነት ያመለጠች ትመስላለች። ልንገራችሁ? እሷና ሰላም አይተዋወቁም። እኔ እስካሁን እንደ ሃሚንግበርድ ነገረኛ ፍጥረት አላየሁም። ሙሉ ክብደቷ 4 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። በዚያችው 4 ግራም ቁራ ስታሳድድ አይቻታለሁ። ሸሽቶ የሄደው ቁራው ነው።

የምኖረው ሲያትል ነው፣ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ሬኒየር ቫሊ አካባቢ። እንጀራ በእግሬ ሄጄ የምገዛበት፣ መንገድ ላይ በአማርኛ ሰላም የሚለኝ የማላጣበት ሰፈር ነው። ጓሮዬ ትንሽ ናት። ጎመን የምተክልባት አንዲት መደብ፣ የጎረቤት አጥር፣ አንድ ያረጀ የፖም ዛፍ። ከወጥ ቤቱ መስኮት ትይዩ ቀይ ክዳን ያለው የወፍ መመገቢያ ሰቅያለሁ። ዕቃ ሳጥብ ፊት ለፊቴ የማየው እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ማጠብ የሚወድ ሰው ሆኛለሁ።

እዚህ ዓመቱን ሙሉ የምትቆየው አናስ ሃሚንግበርድ የምትባለው ዝርያ ናት። አብዛኞቹ የሰሜን አሜሪካ ሃሚንግበርዶች ብርድ ሲመጣ ወደ ሜክሲኮና ወደ መካከለኛው አሜሪካ ይወርዳሉ። ይህችኛዋ ንቅንቅ አትልም። ሴቷ ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ሆዷ ግራጫ ነው፤ ጉሮሮዋ ላይ ትንሽ ቀይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ይልባታል። ወንዱ ግን ከግንባሩ እስከ ጉሮሮው ደማቅ ሮዝ ነው። ሁልጊዜ አይደለም ታዲያ። በጎን ስታዩት ጥቁር ነው። ራሱን ወደ እናንተ ሲያዞር ድንገት ቦግ ይላል። ላባው ውስጥ ያለው ቀይ ቀለም አይደለም። በጣም ስስ የሆነ ድርብርብ አሠራር ነው፤ ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ብቻ መርጦ ይመልሳል። ስለዚህ ወንዱ ለማን እንደሚያበራ ራሱ ይወስናል። ብዙ ጊዜ የሚያበራው ሴት ሲያይ ወይም ሊደባደብ ሲል ነው።

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችው በብርዱ ወራት ነበር። እንቅልፏ ገና ሳይስተካከል አንድ ቀን በማለዳ ወጥ ቤት ገብታ አገኘችኝ። በድስት ውሃ ውስጥ ስኳር እያማሰልኩ ነበር።

«ሻይ ነው?»

«ለወፎቹ ነው፣ እማዬ።»

ዝም ብላ አየችኝ። እማዬ ስኳር በኮታ ሲታደል ሸማቾች ማኅበር በር ላይ የተሰለፈች ሴት ናት። አራት ኩባያ ውሃ ላይ አንድ ሙሉ ኩባያ ስኳር ስገለብጥ ፊቷ ላይ ያነበብኩትን አልጽፈውም።

«ልጄ፣ ደህና ነህ ግን?»

አንድ እጅ ስኳር ለአራት እጅ ውሃ ነው ልኩ። ወፎቹ ከሚወዷቸው አበባዎች ጣፋጭነት ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው። ተራው ነጭ ስኳር ይበቃል። ቡናማው ስኳር ለእነሱ የሚበዛ ብረት አለበት። ሱቅ ውስጥ በጠርሙስ የሚሸጠው ቀይ ቀለም ያለበትም አያስፈልግም፤ የመመገቢያው ክዳን ቀይ ከሆነ ያገኙታል። እማዬ ስኳሩን ለማዳን ይሁን ለወፎቹ አዝና እንጃ፣ «ማር ብታደርግላቸው አይሻልም?» አለችኝ። ማር በውሃ ተበጥብጦ ደጅ ሲሰቀል ምን እንደሚሆን ለሐበሻ ማስረዳት አይከብድም። «ጠጅ ልጥልላቸው ነው እንግዲህ» ስላት ሳቀች። በእርግጥም ማር ቶሎ ይብላላል፣ ሻጋታም ያፈራል፣ ወፎቹንም ያሳምማል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መስኮቱ የእማዬ ሆነ። ቡናዋን ይዛ እዚያው ትቀመጣለች። ብዙም ሳትቆይ ግጭቱን አየች።

መመገቢያው አራት ቀዳዳ አለው። አራት ወፎች ጎን ለጎን ሆነው መጠጣት ይችላሉ። በኔ ጓሮ ይህ አይሆንም። ፖም ዛፉ ጫፍ ላይ አንድ ወንድ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። ሌላ ወፍ ብቅ ስትል እንደ ጥይት ይወርዳል፣ እየጮኸ አጥሩን አሻግሮ ያባርራታል፣ ተመልሶ ቅርንጫፉ ላይ ይቀመጣል። አልፎ አልፎ ራሱ ሁለት ሦስቴ ይጎነጫል። ከዚያ እንደገና ጥበቃ።

እማዬ በጣም ተቀየመች። ሰው ባለበት ብቻውን የሚበላ እሷ ቤት አልነበረም።

«አራት ቦታ እያለ? ብቻውን?»

ሊቀመንበር ብላ ስም ያወጣችለት ያኔ ነው። ስሙን ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኳትም። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት የነበረ ሰው ይህን ቃል ሲናገር ፊቱን አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ ይገባችኋል።

እኔ ለሊቀመንበሩ ጠበቃ ሆኜ ቆምኩ። ስግብግብ አይደለም፣ ሒሳቡ ነው እንዲህ ያደረገው አልኳት። ሃሚንግበርድ ስትበር ልቧ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይመታል። አናስ የምትባለው ክንፏን በሰከንድ ከ40 እስከ 50 ጊዜ ታርገበግባለች። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ስኳር ነው። በቀን ውስጥ ከራሷ ክብደት በላይ የአበባ ውሃ ልትጠጣ ትችላለች፤ በዚያ ላይ ለሥጋዋ የሚሆናትን ትናንሽ ነፍሳትና ሸረሪት ትለቅማለች። ጫካ ውስጥ ደግሞ አንድ አበባ የሚሰጣት ጠብታ ነው። ጠብታው ከተጠጣ አበባው እንደገና እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል። እናም አበባ የበዛበትን ቦታ ይዞ ሌላውን ማባረር ያዋጣል። የተባረረው ያልጠጣው ጠብታ ለራስ ይቆያል።

የኔ መመገቢያ ግን የማያልቅ አበባ ነው። ወንዱ ይህን አያውቅም። የማያልቀውን ነገር እንደሚያልቅ አድርጎ ይጠብቀዋል። ለዚያ ጥበቃ የሚያቃጥለው ጉልበት ደግሞ መልሶ ስኳር ያስጠጣዋል። እማዬ ይህን ሁሉ አዳመጠችኝና «ስለዚህ ስግብግብ ነው» አለች።

ሞኝ እንዳይመስላችሁ ግን። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት አለ፤ የተሠራው ሩፈስ በሚባሉ ሃሚንግበርዶች ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ የአበባ ቅርጽ ያላቸው ዕቃዎች አዘጋጅተው ግማሾቹን በየ10 ደቂቃው፣ ግማሾቹን በየ20 ደቂቃው ይሞሉ ነበር። ወፎቹ የትኛው ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚሞላ ለይተው በየሰዓታቸው ተመለሱ። ከአንዲት የሩዝ ፍሬ ብዙም በማይበልጥ አንጎል ነው ይህን ሁሉ የሚይዙት። እኔም መመገቢያውን ለማጠብ ሳወርደው አየዋለሁ። ሊቀመንበሩ ይመጣና ትናንት ቀዳዳው በነበረበት ባዶ አየር ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ግራ ቀኝ ያያል። ከዚያ መስኮቱ ጋ መጥቶ እኔን ያየኛል። ይህን ከራሴ አልጨመርኩም፤ ጓሮው ላይ መመገቢያ የሰቀለ ሰው ሁሉ ይነግራችኋል።

ምላሳቸው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ለረጅም ዘመን ሳይንቲስቶች የሚያስቡት ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ውስጥ እንዳለ ውሃ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ እንደሚወጣ ነበር። እዚሁ ሲያትል ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ኮሎምቢያዊው አሌሃንድሮ ሪኮ ጉዌቫራ ነው ከባልደረቦቹ ጋር በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ሌላ መሆኑን ያሳየው። ምላሷ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከምንቃሯ ሲወጣ ጠፍጠፍ ይላል፤ ፈሳሹን ሲነካ ይከፈትና ይሞላል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ10 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። መስኮት ላይ ሆናችሁ የምታዩት ግን አንገቷ ሥር የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ነገርን ብቻ ነው። ከታች ደግሞ የአየር አረፋ ብልቅ ትላለች።

ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ እማዬ የጭስ ማስጠንቀቂያው ባትሪ አልቋል ብላ ነገረችኝ። በየጥቂት ደቂቃው አንዴ «ጭው!» የሚል ድምፅ ትሰማለች። ወንበር ላይ ወጥቼ ባትሪውን ቀየርኩ። ድምፁ ቀጠለ። ለካ ሊቀመንበሩ ነው።

የመራቢያ ጊዜ ሲደርስ ወንዱ 30 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዓይን እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ ክንፉን ሰብስቦ ይወረወራል። መሬት ሊደርስ ሲል ጅራቱን ለቅጽበት ይዘረጋና ወደ ላይ ይታጠፋል። ድምፁ የሚወጣው በዚያች ቅጽበት ነው። ከጉሮሮው አይደለም፣ ከጅራቱ ላባ ነው፤ ነፋሱ ላባውን ሲያርገበግበው ይጮኻል። ይህን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳዩት በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው ክሪስቶፈር ክላርክ በቀጣዩ ዓመት ፍጥነቱን ለካው፦ በአንድ ሰከንድ የራሱን ቁመት 385 ጊዜ ይጓዛል። ከቁመቱ አንጻር የጦር ጄትም እንዲህ አይሄድም። ይህን ውርወራ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ሴት ፊት ነው፤ ግን የኔው ለጎረቤት ድመትም ሲያደርገው ታይቷል።

ከዚያ በኋላስ? ምንም። ጎጆውን የምትሠራው ሴቷ ብቻዋን ናት። የሸረሪት ድር ትለቅማለች፣ ለስላሳ የተክል ጥጥ ታመጣለች፣ ውጪውን በዛፍ ሽበት ትለብጠዋለች። ድሩ ስለሚለጠጥ ጫጩቶቹ ሲያድጉ ጎጆው አብሮ ይሰፋል። ሁለት እንቁላል ትጥላለች፣ ብቻዋን ትታቀፋለች፣ ብቻዋን ታበላለች። እዚህ በፌብሩዋሪ ብርድ ውስጥ የሚጀምሩ አሉ። ለእማዬ ይህን ስነግራት መልስ አልሰጠችኝም፤ ሲኒዋን አስቀምጣ ወደ ፖም ዛፉ ብቻ ተመለከተች። ጥብቅና ሥራዬ እዚያ ላይ አበቃ።

ሌሊቱ ነው ለኔ ትልቁ ነገር። ዲሴምበር ላይ ሲያትል ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ሌሊቱ ከ15 ሰዓት በላይ ይረዝማል። ቀን ላይ በየሩብ ሰዓቱ ካልቀመሰች የማትችል ወፍ 15 ሰዓት ያለ ምግብ፣ በዚያ ብርድ! ብዙውን ጊዜ የምታመልጠው ሕይወቷን ዝቅ አድርጋ ነው። 40 ዲግሪ ገደማ የነበረው የሰውነቷ ሙቀት ይወርዳል። ልቧ በደቂቃ 50 ጊዜ እስኪመታ ሊቀንስ ይችላል። ፔሩ ውስጥ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖር አንድ ሃሚንግበርድ ሌሊት ሙቀቱ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪደርስ ወርዶ ተለክቷል፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለችን ወፍ ያየ ሰው ሞታለች ይላል። አልሞተችም። ጎህ ሲቀድ እየተንቀጠቀጠች ራሷን ታሞቃለች። ያ መንቀጥቀጥ የቀረውን ስንቅ ይበላዋል። ስለዚህ የነጋ ዕለት የመጀመሪያዋ ጉንጭ ቀልድ አይደለችም።

ችግሩ የስኳሩ ውሃም ይበርዳል። ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል በረዶ መሆን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ከተማዋ በረዶ ለብሳ ቅዝቃዜው ሲበረታ ሰፈሩ ሁሉ መላ ፍለጋ ገባ። አንዱ ጎረቤቴ የድሮውን የሚግል አምፖል መመገቢያው ሥር አበራ። ሌላዋ በካልሲ ውስጥ የእጅ ማሞቂያ ከትታ ጠቀለለችበት። እኔ ሁለት መመገቢያ ይዤ አንዱ በረዶ ሲሆን በሌላው እተካለሁ። ማታ ወደ ቤት አስገባዋለሁ፣ ሳይነጋ አወጣዋለሁ። ፒጃማና የበረዶ ቦት አድርጌ በጨለማ ጓሮ ውስጥ ስቆም ወፍ ያዘዘችኝ ሰው መሆኔ ይገባኛል።

መመገቢያ ወፎችን ያሰንፋል፣ በመስከረም ካልተነሣ አይሄዱም የሚል ሰው አይጠፋም። አናስ ቀድሞውንም አትሄድም። በብርድ ውስጥ ጀምሮ መሃል ላይ መተው ግን ደግ አይመስለኝም። ካልሆነ አለመስቀል። ከዚያም የባሰው የቆሸሸ መመገቢያ ነው። በሙቀት ጊዜ በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃው መቀየር፣ ዕቃው በሙቅ ውሃ መፈተግ አለበት። ጥቁር ሻጋታ የያዘ መመገቢያ ጭራሽ ካለመስቀል ይከፋል። በጁን 28፣ 2021 ሲያትል 42 ዲግሪ በገባች ዕለት ጠዋት የሞላሁትን ማታ ስደፋው ሽታው ተቀይሮ ነበር።

የእነዚህ ወፎች እዚህ መገኘት ራሱ የሰው ሥራ አለበት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አናስ የምትራባው በደቡብ ካሊፎርኒያና ከዚያ በታች ነበር። ሰዎች ከአውስትራሊያ ያመጡትን ባሕር ዛፍና ሌላ ሌላውን በብርድ የሚያብብ ተክል ተከሉ። ቆየት ብሎ መመገቢያው መጣ። ወፏም አበባውንና ስኳሩን ተከትላ ወደ ሰሜን ወጣች። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ዛሬ ካናዳ ውስጥ የቫንኩቨር የከተማ ወፍ ተብላ ተመርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት ደግሞ ሙዚየም ውስጥ ያሉ የቆዩ ናሙናዎችን አወዳድሮ መመገቢያ በበዛባቸው የካሊፎርኒያ አካባቢዎች ምንቃራቸው እየረዘመና እየቀጠነ መምጣቱን አሳየ። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። የተንጠለጠለ ፕላስቲክ የወፍ አፍ ይቀይራል!

ይህን ታሪክ ቡና ላይ ሳወራ አንድ ጓደኛዬ «እንደኛ ስደተኛ ናታ!» አለኝ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን አልወደድኩትም። ወፏን ወረቀት የጠየቃት የለም። ቤተሰቧ ገንዘብ ላኪ አይላትም። እሷ የሄደችው አበባ እየበዛላት ነው፤ የኛን ነገር በሷ ላይ ባንጭን እመርጣለሁ።

እማዬ ደግሞ ይህች ወፍ እኛም አገር አለች ብላ ሙጭጭ አለች። ልጅ ሆና እሬት አበባ ላይ ታያት ነበር፣ እንደ ብረት የምታብለጨልጭ፣ ምንቃሯ የጎበጠ። ያየችው እውነት ነው፤ ወፏ ግን ሌላ ናት። ሃሚንግበርድ ከአሜሪካ አህጉሮች ውጪ የለም። የኛዎቹ አበባ ጠጪዎች ሰንበርድ የሚባሉት ናቸው። በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመ ዝርያም አላቸው፤ ወንዱ ሐምራዊ እያለ የሚያበራ፣ ጅራቱ የረዘመ ደገኛ ነው። ዝምድና ግን የላቸውም። የሃሚንግበርድ የቅርብ ዘመዶች ስዊፍት የሚባሉት ቀኑን ሙሉ አየር ላይ የሚውሉ ወፎች ናቸው። ሃሚንግበርድንና ሰንበርድን ያመሳሰላቸው ሥራው ነው፤ ለየብቻቸው አንድ ዓይነት አበባ ሲጠጡ ኖረው ተመሳሰሉ። የኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፉ ላይ አርፋ ነው የምትጠጣው። «ታዲያ የኛዋ ጨዋ ናታ» አለች እማዬ። በዚህ አልተከራከርኳትም። ሰንበርዶችም ክፉኛ እንደሚደባደቡ ግን አልነገርኳትም።

ከመሄዷ በፊት ሁለተኛ መመገቢያ ገዛች። በራሷ ገንዘብ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከፖም ዛፉ በማይታይ ጥግ ላይ አሰቀለችኝ። መላው ትክክል ነው፤ አንድ ወፍ ማየት የማይችለውን መጠበቅ አይችልም። ሁለት ሴቶች እዚያ መጠጣት ጀመሩ።

ማርች ላይ ሩፈሶቹ ደረሱ። ሜክሲኮ ከርመው ወደ ሰሜን የሚወጡ ናቸው፤ አላስካ ድረስ የሚሄዱ አሉባቸው። የቆርቆሮ ዝገት የመሰለ ቀለም አላቸው፣ በአካል ከአናስ ያንሳሉ፣ በጠባይ ግን አይጣል ነው። አንዱ አጥሩ አጠገብ ያለው ቀይ አበባ ቁጥቋጦ ላይ አረፈና ሊቀመንበሩን በአንድ ጠዋት ከፖም ዛፉ አወረደው። ማታ ለእማዬ ደወልኩላት።

«እሰይ!» አለች። «አሁን ያለውስ? ይሻላል?»

«ይብሳል፣ እማዬ።»